በሜዳው በር ላይ ስለተሰቀለው ስሜ

ለክቡር ዶን ኤላዲዮ ፒቻርዶ
የሳንታ ሪታ ከተማ የቤዝቦል ማኅበር ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልብዎ፣ ጉበትዎ፣ በተለይም ኩላሊትዎ ደህና ነው? እንዲህ ዘርዝሬ መጠየቄ፣ የታላቅ ወንድሜ የኤርሚን ኩላሊቶች እርስዎ በገዛ እጅዎ በወጉት የፈረስ መድኃኒት የተነሳ በዘጠኝ ቀን ሥራ ስላቆሙ ነው።

ባለፈው እሑድ በሜዳው በር ላይ ላስመረቁት እብነ በረድ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ዋንዴል ብሪቶ፣ የአገዳ ቆራጮች ቡድን ኮከብ ኳስ ወርዋሪ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያረፈ» ይላል። ዋንዴል ብሪቶ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ኳስ ወርውሬ ከአጎቴ መስኮት በቀር የመታሁት ነገር የለም።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. የልደት ወረቀቴን ስለመዋስዎ። ተጫዋች ሊያስፈርሙ የመጡት አሜሪካኖቹ መልማዮች የአሥራ ስምንት ዓመቱን ኤርሚንን «አርጅቷል» ስላሉት፣ እርስዎ የእኔን ወረቀት አስይዘው አቀረቡት። እናታችን ስትፈራ፣ «ዶኛ እመቤት፣ ሁለት ዓመት ምን አላት? ልጁ ይፈርም እንጂ በኋላ እናስተካክለዋለን» አሏት። ኤርሚንም ፀጉሬን እያሻሸ፣ «አይዞህ አንተ ቀጫጫ፣ ስምህን ታዋቂ ሳላደርገው አልመልስልህም» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል።

፪. ኳሱን በኃይል እንዲወረውር ብለው ስለወጉት መርፌ። ክንዱ አብጦ ሲያቃስት፣ «ቫይታሚን ነው፣ እንደ ሕፃን አትነጫነጭ» ብለው ስላጽናኑት እናመሰግናለን። ፈረስ እንኳ ሲታመም ሐኪም ይጠራለታል።

፫. ስለ ሆስፒታሉ። አልጋው አጠገብ ቆመው እናቴን፣ «ዋንዴል እያልሽ ጥሪው፤ መልማዮቹ ከሰሙ ፊርማው ቀረ» ስላሏት፣ የበኩር ልጇን እስከ መጨረሻው ትንፋሹ በእኔ ስም ጠራችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስሜ በተጠራ ቁጥር «አቤት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ይደርስና እውጠው ነበር። ይህን ይቅር ልልዎ ሞክሬ አቅቶኛል።

፬. የሞት ወረቀቱ በስሜ ስለወጣ፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ለፈተና ሊመዘግቡኝ መዝገብ አገላብጠው፣ «ልጄ፣ አንተ እኮ ሞተሃል» አሉኝ። ሆኖም ሕያው ሰው ለመቅበር እርስዎን የሚያክል ሥልጣን ስለሌላቸው፣ ቁጭ እንድል ወንበር ሰጡኝ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፦ ድንጋዩ ላይ «ኤርሚን ብሪቶ፣ አሥራ ስምንት ዓመት» ተብሎ ይጻፍልን። ይህን ካደረጉ ልጁን በማን ወረቀት እንዳጫወቱት ከተማው ሁሉ እንደሚጠይቅዎ አውቃለሁ፤ የሚያምር ንግግርዎን እንደ እሑዱ እያለቀሱ ቢያሰሙን ደስ ይለናል። እስከ ቅዳሜው ጨዋታ ካልተስተካከለ ግን፣ መሮና መዶሻ ይዤ በጠራራ ፀሐይ፣ ተመልካቹ ሁሉ እያየ ስሜን ከድንጋይዎ ላይ እፍቃለሁ። ፖሊስ መጥራት ይችላሉ፤ ሟችን የሚያስሩበት ሕግ ካገኙ እሰየው።

እርስዎ ከቀበሩኝ ቦታ ሆኜ፣ ወገቤ እስኪቀነጠስ እጅ እየነሳሁ፣
ሟች ዋንዴል ብሪቶ
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ በመዝገብዎ መሠረት ኤርሚን እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። እናቴ ዛሬም የሚወደውን ሩዝና ቀይ ባቄላ ሠርታ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለታለች። ያለበትን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ እባክዎ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ልጇን ይላኩልን።