«ለመዝናኛ» ተብሎ ስለተመዘገበው የባለቤቴ ትንፋሽ

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ብቃት ምርመራ መምሪያ ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ

ጉዳዩ፦ ታርጋችን ከመሳቢያዎ ስለሚወጣበት ሁኔታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደመሆኑ፣ ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ በየጠዋቱ አንዴም ሳያርፉ፣ መደገፊያውን ሳይዙ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮዎት ሰው እንዳያይብዎ የጫማ ማሰሪያ የሚያስሩ ሳይመስሉ እንዲወጡ ከልቤ እመኛለሁ። ደረጃዎቹን የቆጠርኳቸው እኔው ነኝ፤ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ሳይሰስት ሰጥቶኛል። ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ፤ በእኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም።

እኔ አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ፣ ሰፈሩ «ሽቦ» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ የጠመኔ ብናኝ ስትተነፍስ ኖራለች፤ ሐኪሙ ሳንባዋን የጎዳው ጠመኔው ነው ለማለት አይደፍርም፣ እሷ ግን ማንን እንደምትጠረጥር ታውቃለች። አሁን ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል አትችልም። ማሽኑ ከአልጋችን ራስጌ ባለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀን ከሌት ያጓራል፤ እሷም የምትኖረው የማሽኑ ቱቦ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ነው። ቱቦው እስከ መስኮቱ ይደርሳል፤ እስከ በሩ ግን አይደርስም።

ታላቅ እህቷ የሦስት ቀን መንገድ ርቃ፣ ከባሕሩ አጠገብ ትኖራለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። በስልክ ይገናኙ ነበር፤ ዳሩ ግን ባለቤቴ ሦስት ቃል በተናገረች ቁጥር ማረፍ አለባት፣ እህቷ ደግሞ ዝምታው ሲረዝም መስመሩ የተቋረጠ ይመስላትና ትዘጋዋለች። ሁለት እህትማማቾች ዝም ብለው አብረው እንዲቀመጡ ከተፈለገ፣ አንዷ ወደ ሌላዋ መሄድ ግድ ነው። አውሮፕላኑም አውቶቡሱም ከነማሽኗ አንጭናትም ብለዋል፤ በእጅ የሚያዘው የኦክስጅን ሲሊንደር ደግሞ የሚበቃት ለግማሽ ቀን ነው። ሐኪሙን ስጠይቀው ጫማውን እያየ «ጉዞውን ከክረምቱ በፊት ብታደርጉት ጥሩ ነው» አለኝ። ሰው ጫማውን እያየ ሲያናግረኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋኝም፤ እኔም የማይጠገን ሬዲዮ ታቅፈው ለሚመጡ ደንበኞች የማደርገው እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንዲት ያረጀች የዳቦ ማመላለሻ መኪና ፈልጌ ቤት አደረግኋት። ፀሐይ ሲያገኛት እስካሁን ዳቦ ዳቦ ትሸታለች። ውስጧ አልጋ ሠራሁ፣ መጋረጃውን ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰፋች፤ ጣሪያው ላይ ሦስት የሶላር ፓነል፣ ከአልጋው ሥር ሁለት ባትሪ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቻርጅ ኮንትሮለር የምንላትን ትንሽ ሳጥን ገጠምኩ። ይህች ሳጥን ባትሪው ሲራብ የምታበላ፣ ሲጠግብ «ይብቃህ» የምትል ናት፤ ያለ እርሷ ፀሐይ ባትሪ ታቃጥላለች። ሞተር አስነስቼ ማሽኑን እንዳላሠራ፣ ጭሱ ለባለቤቴ መርዝ ነው።

ሥራው አምስት ወር ፈጀብኝ። ፓነሎቹን መጀመሪያ ከላሜራው ጋር ለጥፌ ስለገጠምኳቸው ሙቀቱ ጉልበታቸውን በላው፤ ነቅዬ፣ አየር በሥራቸው እንዲያልፍ አራት ጣት ከፍ አድርጌ እንደገና አሰርኳቸው። ባለቤቴ በመስኮት ስታየኝ ቆይታ «እንደ ተማሪ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ከቆምክ አይሠሩም» አለችኝ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አርፋለች። ከዚያ ለሙከራ ሦስት ቀን ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ ውስጥ አደርን። ማሽኑ አንዴም አልጠፋም። ባለቤቴ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ወዲያ አደረች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለእህቷ ደውላ «እየመጣሁ ነው» አለች። ሦስት ቃል እንኳ አልሞላም።

ክቡር ሆይ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተው ያውቁ ይሆናል። የመጀመሪያውን በሦስት ፓነል አርሼ ምርቱን ባትሪ ውስጥ አስገብቻለሁ። አሁን ሁለተኛውን ልሞክር ነው፤ ግን በምስጋና መልክ አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ እግር ጉዞው አመሰግናለሁ። ለመንገድ የሚያበቃትን የብቃት ወረቀት ልጠይቅ ስመጣ፣ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ያሉት ሠራተኛዎ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ነገር የቤት ጉዳይ መሆኑን ገልጸውልኝ ወደ ሕንጻ ፈቃድ ክፍል ላኩኝ፤ ሕንጻ ፈቃድ ክፍልም ጎማ ያለው ነገር ቤት ሆኖ እንደማያውቅ አስረድቶ ወደ እርስዎ መለሰኝ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ተመላልሼ ቤት ስትባል ጎማዋ፣ መኪና ስትባል ጣሪያዋ የሚከሰስባት ንብረት ባለቤት መሆኔን ተረዳሁ። በእኔ ዕድሜ እግርን ማፍታታት ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ሸራው ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። በመጀመሪያው የምርመራ ቀን መርማሪዎ የመመሪያ መጽሐፉን ገልጦ «ማንኛውም የኃይል ምንጭ በምርመራ ወቅት መጥፋት አለበት» የሚለውን አንቀጽ አነበበልኝ። ፀሐይ ማጥፊያ እንደሌላት በትሕትና አስረዳሁ። እርሱም ለጥቂት ጊዜ ሰማዩን ሲያይ ቆይቶ ከመጋዘን ትልቅ አረንጓዴ ሸራ አስመጣና ሦስቱንም ፓነሎች አልብሶ በገመድ አሰራቸው፤ ወዲያውም መለኪያውን አውጥቶ ከፓነሎቹ የሚመጣውን ኃይል ለካና ቅጹ ላይ «ኃይል አያመነጩም፤ ወድቋል» ብሎ ጻፈ። የሸራውን ጫፍ ይዞ የነበረ አንድ ሰው (ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ልጆች አሉት) ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መሸ እንደሚል ልጅ እኮ ናቸው» አለኝ። የመኪናዋ ታርጋ በዚያው ቀን ተፈትቶ፣ የብቃት ወረቀት እስክናገኝ ድረስ፣ ወደ ቢሮዎ መሳቢያ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ከቤታችን እስከ ምርመራው ግቢ እንጂ ሌላ መንገድ አልተፈቀደላትም።

ሦስተኛው የእኔም ጥፋት አለበትና ጠበቅ አድርጌ ነው የምናዘዘው። ስለ ሸራው አቤቱታ አስገባሁ። መሥሪያ ቤትዎ ያለወትሮው በፍጥነት አቤቱታዬን ተቀብሎ ሸራውን ከአገልግሎት አገደው። በሁለተኛው ቀጠሮ መኪናዋ ግቢዎ ውስጥ በቀትር ፀሐይ ቆማለች፣ ፓነሎቹም ባለ በሌለ ኃይላቸው እየሠሩ ነው። የኮንትሮለር ሕግ አጭር ነው፤ ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ሲነቀል ግን መጀመሪያ ፓነሉ። ይህንኑ ባለቤቴ በዚያ በሰሌዳ በተገራ እጇ ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ ሳጥኗ ላይ ለጥፋዋለች። መርማሪዎ ፕላስተሩን «በተሽከርካሪ ውስጥ ያልተፈቀደ ጽሑፍ» ብሎ ላጠው፤ ቀጥሎም የባትሪውን ሽቦ ቀድሞ ነቀለ። ሳጥኗ የተቀበለችውን የቀትር ፀሐይ የምታደርስበት አጣች፤ ቀጭን ጭስ ከፍ አለ፣ እኔ ጮኽኩ፣ መርማሪዎም ቅጹን ገልጦ «ኮንትሮለሩ ተቃጥሎ ተገኝቷል፤ ወድቋል» ብሎ ጻፈ። ያ ሸራ በዚያ ቀን ቢኖር ኖሮ ሳጥኔ ትተርፍ ነበር። ሸራው ባላስፈለገ ቀን ኖሮ ባስፈለገ ቀን የታገደው በእኔ አቤቱታ ነው፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

አራተኛ፦ ሱቄን ከሚያበራው ሶላር ላይ ኮንትሮለሩን ነቅዬ ለመኪናዋ ገጠምኩ። ሱቄ ተዘጋ፤ የሰፈሩ ሬዲዮኖች ተደርድረው ይጠብቁኛል። በሦስተኛው ምርመራ ሁሉ ነገር አለፈ። ሽቦው አለፈ፣ ፊውዙ አለፈ፣ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተወዝውዘው አለፉ። እኔም መስኮት ቁጥር አምስት ሄጄ የመጨረሻውን ቅጽ ሞላሁ። «የኃይሉ አገልግሎት» ከሚለው ፊት ለፊት «ለመተንፈስ» ብዬ ጻፍኩ። ባለ መነጽሯ ጸሐፊዎ ትሑት ሴት ናቸው፤ ዝርዝሩን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወርደው «አባቴ፣ መተንፈስ የሚባል የለም፤ ያለው ለመብራት፣ ለማብሰያና ለመዝናኛ ነው» አሉኝ። መብራት አይደለም፤ ማብሰያም አይደለም። እርሳቸውም አዝነው ይመስለኛል «ለመዝናኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች ወረቀት ደግሞ የሚሰጠው ወቅቱን ጠብቆ ነውና፣ ከክረምቱ በኋላ፣ ከዘጠና አራት ቀን በኋላ እንድመጣ ቀጠሮ ጻፉልኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ ሳቀች። ሳቅ ለእሷ ከባድ ሥራ ነው፤ ሳል ተከተለው፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ማሽኑን ከፍ አድርጌ እጇን ይዤ ትንፋሿ እስኪመለስላት ድረስ ተቀመጥኩ። እንግዲህ በመሥሪያ ቤትዎ ቋንቋ፣ በዚያ ሰዓት እየተዝናናን ነበር።

አምስተኛ፦ አምስተኛውን ባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛዋለች። ስድብ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ማሾፍ አልችልም፤ ጉልበቱም የለኝ። እለምንዎታለሁ። የእርስዎን ደጅ ስጠና ሁለት ወር ሞላኝ። ባለፈው ወር ባለቤቴ ሦስት ቃል ተናግራ ነበር የምታርፈው፤ ከትናንት ወዲያ ሁለት ሆኗል። ለመንገዱ ተኩሳ የሰቀለችውን ቀሚስ አጣጥፋ መልሳዋለች፤ መቼ ነው የምንሄደው ብላ መጠየቅም ትታለች፤ እኔን ላለማሳዘን ነው። እህቷ ግን ያን «እየመጣሁ ነው» የሚል ቃል ከሰማች ጀምሮ በሯ ቀን ቀን እንዳይቆለፍ አስታማሚዋን አዝዛለች። ከሁለት ወር በላይ ክፍት በር እያየች ተኝታለች። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ የባለቤቴን ሳንባ መጠገን አልችልም፤ የቻልኩት ፀሐይን ወደ ሳንባዋ ማድረስ ብቻ ነው፣ እሱንም አድርሻለሁ። የቀረው አንድ ምልክት ነው። ጸሐፊዎ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ወይም እርስዎ መሳቢያዎን አንድ ጊዜ ቢስቡ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ነን። ስለ ሸራውም፣ ስለ ተቃጠለችውም ሳጥን፣ ስለ ፕላስተሩም በማንም ፊት አንዲት ቃል አልተነፍስም። ከጅቡ በኋላ የሚጮህ ውሻ አይሁኑብኝ።

ለሰጡኝ የወረፋ ቁጥሮች ሁሉ፣ ለአግዳሚ ወንበርዎ፣ ለደረጃዎ፣ ወንበርዎ ላይ ለተሰቀለውና እርስዎ ሳይኖሩም በሥራ ላይ ለሚገኘው ኮትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ሳንባ ተመኝቼ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የመስኮት ቁጥር ሁለት፣ የመስኮት ቁጥር አምስትና የአግዳሚው ወንበር ታማኝ ደንበኛዎ፣
ሬዲዮ ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለሕንጻ ፈቃድ ክፍል፣ ጎማ የሌለው ቤት ሲያገኙ እንዲደሰቱ
የሸራውን ጫፍ ለያዘው ሰው፣ ከምስጋና ጋር፤ ይህኛው እውነተኛ ነው
ለፀሐይ፣ ባለችበት

ማስታወሻ፦ በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ እገኛለሁ። ብቻዬን ከመጣሁ ግን መርማሪዎችዎን አያድክሙ። ፓነሎቹን አስቀድሜ፣ ባትሪውን አስከትዬ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ነቅዬ ባዶ የዳቦ መኪና ይዤልዎ ነው የምመጣው። ያለ አንዳች ጉድለት ታልፋለች።