«የሚወገዱ» ሲል ቀስ በል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ዛሬ ምንም አልተበላሸም። የዓይነ ስውራን ንባብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ አፕዴት ተደረጉ፤ ሁሉም ይናገራሉ። ማንም ልብ አላለም። አንድ ሰው «ጎበዝ» ቢለኝ ምን ነበረበት? ራሴው ልበለው እንግዲህ... ጎበዝ!

ወንድሜ ግን አኩርፏል። የዓይነ ስውራኑ አስተማሪ እሱ ነው፤ እሱም እንደ ተማሪዎቹ አያይም። ማሽኖቹን የምጠብቅ እኔ ነኝ። ቋንቋችንን እንደ ሰው የሚያነብ አዲስ ድምፅ መውጣቱን ሰምቷል። ያለን ድምፅ እንደሆነ ጉንፋን የያዘው ሮቦት ነው።

«እትዬ፣ ጫኚልን በቃ!»

«ማሽኖቻችን የሚሠሩበት ሊኑክስ የተረጋጋው እትም ነው፣ ድምፁ እዚህ ገና አልገባም። ከአዲሱ እትም ባመጣው ብቻውን አይመጣም፤ የሚደገፍባቸውን ፕሮግራሞች፣ ዘመዶቹን ሁሉ ይጎትታል።»

«ይምጡ! ቤቱ ሰፊ ነው።»

የት አባቱ ሰፍቶ? አዲሶቹ ሲገቡ ነባሮቹ ይወጣሉ። እንዴት ላስረዳው?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
ሳልጭን፣ «ብጭነውስ?» ብዬ ማሽኑን በሙከራ ብቻ ጠየቅሁት። አንድ ድምፅ ብዬ ስጀምር መዓት የፕሮግራም ፓኬጅ ተከተለው። «የሚወገዱ» ከሚለው ሥር ደግሞ... ስክሪን አንባቢው ራሱ! ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ፕሮግራም እኮ ነው። ያለ እሱ ኮምፒውተሩ ለወንድሜ የተዘጋ ሳጥን ነው። ተውኩት።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ጉድ ነው ዛሬ!

ከምሳ ስመለስ ወንድሜ እጁን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ ቁጭ ብሏል። ክፍሉ ጸጥ።

«ዝም አለኝ» አለ።

ራሱ ጭኖት! ከአዲሱ እትም አምጥቶ፣ «አዎ» ብሎ።

«ዝርዝሩን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ... አፍጥኜ ነው እንጂ።»

ድምፁን የሚያፈጥነው እንደ ፈንዲሻ እስኪንጣጣ ነው፤ ለኔ አንድ ቃል አይገባኝም። ይኮራበታል። ማሽኑ የገዛ ስንብቱን አነበበለት፣ እሱ «አዎ» አለው፣ ከዚያ ጭጭ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች... ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

«ሰኞ አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። ይኼ የአስተማሪው ማሽን ነው። በምን ላስተምር?»

ያኔ የኔም ሳቅ ጠፋ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
ማሽኑ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ተቆላልፏል። የተረጋጋውን እትም ከባዶ ጫንኩለት። ባክአፕ ስለነበረኝ ፋይሎቹ ደህና ናቸው። ሮቦቱ እንደገና ሲያጉረመርም ወንድሜ ተንፈስ አለ።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ ደወለች። «አዲሱ ድምፅ ይቅርብን፣ ያለው ይበቃናል።» ወንድሜ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ይቅርብን? እልህ ያዘኝ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ
ለመሆኑ ዘመዶቹን፣ ላይብረሪ የሚባሉትን ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን ኮዶች፣ ማን ጋበዛቸው? የድምፁን ምንጭ ኮድ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን፣ አወረድኩና እዚሁ፣ ባሉን አሮጌ ላይብረሪዎች ላይ ራሴ ገነባሁት። አንድ ቦታ እምቢ አለ፤ አዲሱ ላይብረሪ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ይጠራል። በአሮጌው ተካሁት። አለፈ!

እንደገና በሙከራ፦ የሚጫን፣ ድምፁ ብቻ። የሚወገድ፣ የለም። ደግሜ አየሁት። የለም! ብቻዬን አጨበጨብኩ። በወንድሜ ማሽን ላይ ብቻ ጫንኩት፤ ሌሎቹ ትንሽ ይቆዩ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ተማሪዎቹ ሳይገቡ አንድ ዓረፍተ ነገር አስነበብኩለት። ወንድሜ ዘወር ብሎ «ማን ናት?» አለ።

ሰው መስላው!

ጥቅምት 25፣ ሰኞ
የአፕዴት ቀን። ዛሬ እጄን አላስገባሁም፤ ኪቦርዱ ላይ እሱ ነው። ተማሪዎቹ ከበውታል፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ፈንዲሻው ተንጣጣ... «የሚወገዱ» ሲል ወንድሜ አቆመው። ፍጥነቱን ዝቅ አደረገ፣ አሁንም ዝቅ፣ ለኔም እስኪገባኝ። እንደገና አስነበበው። የሚወገደው አንድ ነው... እኔ የገነባሁት ድምፅ! ከአንድ የላይብረሪ ቨርዥን ጋር ጥብቅ አድርጌ አስሬው ኖሯል፤ ላይብረሪው ሲታደስ እሱ ሊባረር።

«አይ» ብሎ መለሰለት ወንድሜ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። መኖሬን በምን አወቀ?

«እትዬ፣ ያንቺን ሊነቅልብን ነው። ነይ እስቲ ፍቺው።»

«ማን ናት?» አለች አንዷ ተማሪ።

«እህቴ ናት። የምትሰሚውን ድምፅ ያመጣችልን።»

ኮራሁ። በራሴ ይሁን በእሱ... መለየት አቃተኝ። ቋጠሮውን ላላ አደረግሁና «አሁን አንተ ሞክረው» አልኩት። ቀስ ብሎ አስነበበው። የሚወገድ፣ የለም። «አዎ» አለ።

«ጎበዝ!» አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ።