ስለ ዳለቻ ጆሮና ስለ ዱግናዱ ቋሊማ

በቫይትቬት ሰፈር ለሚገኘው የቤቶች ማኅበራችን ቦርድ፣ ለተከበሩ ሊቀ መንበር፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ግቢያችን ሣር የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁንልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብቻ መቀመጥ አቅቶኝ ይህን እየጻፍኩ ከወንበሬ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ወንበሬ እመላለሳለሁ። በግቢያችን ወጥመድ እንደተጠመደና የሚያዙት ድመቶች ሁሉ እስከ ዓርብ ተወስደው “እንደሚወገዱ” በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ። ይህ በእኛ አገር መግደል ይባላል።

በኖርዌጅኛ ደጋግሜ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ አሁን በአማርኛ ጻፍኩ፤ በአማርኛ ዝም ቢሉኝ ቢያንስ ምክንያት ይኖርዎታል።

አንደኛ፣ ስለ ዱግናዱ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝና ዱግናድ ማለት ደቦ ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ጓንቴን አጥልቄ ወጣሁ። ቅጠል ጠረግን፣ አጥር ቀባን፤ በመጨረሻም እርስዎ ራስዎ የጠበሱትን ቋሊማ በአክብሮት ሰጡኝ። የአሳማ መሆኑን ሳውቅ፣ የደቦ ምግብ መመለስ ነውር ስለሆነብኝ፣ ብስክሌት ማቆሚያው ሥር ለተቀመጠችው ግራጫ ድመት፣ ለዳለቻ አቀበልኳት። በሳምንቱ ባለቤት የሌለው እንስሳ በመመገብ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ቋሊማው የእርስዎ፣ ጥፋቱ የእኔ፤ እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል በሌላ ደቦ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ የዳለቻ ጆሮ ጫፍ ተቆርጦ በማየትዎ፣ እኔና ጎረቤቴ ሐረገወይን ድመት እንደምናሠቃይ በስብሰባ መናገርዎን ሰምተናል። ስለ ርኅራኄዎ እናመሰግናለን። ሐረገወይን ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ውላ፣ እኔም ከአውቶቡስ መሪ ወርጄ፣ ድመቶቹን በየተራ ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ስናመላልስ ከርመናል። ሐኪሟ አደንዝዛ አመከነቻቸው፣ ክትባት ሰጠቻቸው፣ መምከናቸው ከሩቅ እንዲታወቅም የጆሯቸውን ጫፍ ቆረጠች፤ እኛም ወደሚያውቁት ግቢ መለስናቸው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፤ የእኛዎቹ ግን በሐኪሟ እጅ መንኩሰው ዓመላቸውን እርግፍ አድርገው ትተዋል። ከዚያ ወዲህ ግልገል አልተወለደም፤ ጩኸትም የለም።

ሦስተኛ፣ አምክኖ መመለስ “እንስሳ መጣል ነው” ብለዋል። እኔ የማውቀው መጣል፣ ብርድ ሊገባ ሲል የሠራንላቸውን የእንጨት መጠለያ አንሥቶ ቆሻሻ ኮንቴይነር ውስጥ መወርወር ነው፤ ይህንንም ቦርዱ በሚገባ አሳይቶናል። አምክኖ መመለስን በስሙ ጠርቶ የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ፊርማ ስናሰባስብ፣ ከፎቁ ላይ እስከ ምድር ቤቱ ጎረቤቱ ሁሉ ፈረመ። ቦርዱ ግን ገለልተኛ መሆኑን ገለጸልን። ወጥመድ አጥምዶ ገለልተኛ መሆን የሚችል ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛ የለኝም፤ ተናድጄ ጠፋብኝ። ዳለቻ ከሥራ ስመለስ ከፌርማታው እስከ በሬ የምትሸኘኝ ፍጥረት ናት። ሰው አትነካም፣ ቤት አትገባም፤ ግቢው ቤቷ ነው። ዓርብ እንዳይደርስ እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ወጥመዱን ያንሡልን፣ ፊርማዎንም ያኑሩልን፤ ሌላ ልመና የለኝም።

ለግቢያችን ንጽሕና ሲሉ ነፍስ እስከ ማጥፋት ለሚተጉት ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣

ማስጠንቀቂያዎን ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፋ የምታነብ ጎረቤትዎ፣
መሱዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስወርድ ወጥመዱ ተዘግቶ አገኘሁት። ውስጡ ያለችው የእርስዎ ነጭ ድመት ናት። ሊወስዳት የመጣው ባለወጥመድ “ባለቤት የላትም” ብሎ መኪናው ላይ ሊጭናት ሲል፣ “አላት” ብዬ ስምዎን ነገርኩት፤ ወዲያው ለቀቃት፣ አሁን ደጅዎ ላይ ተቀምጣለች። ለዳለቻ ግን “አላት” የሚልላት ሕግ ገና አልወጣም። እስከዚያው በእርስዎ ስም ብጠራት ቅር ይልዎታል?