የታሰረው የነፋስ ጨርቅ

ዓርብ

አፍንጫው መሬት ነክቶ ተሰበረ። የአውሮፕላኑን ማለቴ ነው፤ የእኔስ ከንፈር ብቻ ነው፣ ጎባ ሆስፒታል ሰፉልኝ። የፊት ጎማው ስንዴ ውስጥ ቀርቷል። ብቻዬን ወደ አገሬ ወደ ሮቤ በርሬ፣ አስር ደቂቃ ቀድሜ ደርሼ፣ መጨረሻው ይኼ!

ነፋስ አልነበረም። በዓይኔ አይቻለሁ፤ የነፋስ ማሳያው ጨርቅ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር። ታዲያ ሳርፍ ከኋላ ገፍቶ ከሜዳው ያስወጣኝ ምንድን ነው?

ቅዳሜ

አስተማሪዬ ካፒቴን ዳዊት ከአዲስ አበባ መጣ። ሜዳው የፀረ አረም ረጪ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነው፤ ከዚያ ጨርቅ በቀር ነፋሱን የሚነግር የለም። ዛሬ ተነፍቶ ይውለበለባል። «ተንጠልጥሎ ነበር የምትዪው ይኼ ነው?» አለኝ። ውሸታም ሆንኩ። የበረራ መዝገቤን ተቀበለኝ። ማክሰኞ ሪፖርቱን ይጽፋል፤ ነፋሱን አላየችም ካለ ትምህርቴ አበቃ።

የጨርቁ ምሰሶ ላይ ግን ቁራጭ ሰማያዊ ሲባጎ አገኘሁ። ኪሴ ከተትኩት። አንድ ሰው ጨርቁን አስሮታል፤ ከወደቅኩ በኋላ ደግሞ ፈትቶታል።

እሑድ

እናቴ «ዓይን ነው» ትላለች። እኔ የምጠረጥረው እጅ ነው። የማን?

የረጪዎቹ አብራሪዎች? ሴት ስታበር ይስቃሉ።

የሜዳው ዘበኛ ኦቦ ቃሲም? ሬዲዮናቸው በሰማያዊ ሲባጎ ታስሯል።

ግን ሮቤ ውስጥ የስንዴ ጆንያ ያለበት ቤት ሁሉ ሰማያዊ ሲባጎ አለው። የእኛም አልጋ ስር አገኘሁ። እናቴን ሳይቀር ለጥቂት ጊዜ ጠረጠርኳት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ

ኦቦ ቃሲም የደሎ መና ማር ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ማሩንም ጠረጠርኩት፤ አልቀመስኩም። ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንስተው አዩት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የአገራችን ልጅ አውሮፕላን ይዛ ትመጣለች ሲሉኝ፣ ጨርቁ በአቧራ ጠቁሮ አፈርኩ። አጠብኩት። እስኪደርቅ ነፋስ እንዳይቀደው አሰርኩት። ከጁምዓ በኋላ ትደርሳለች ብለውኝ ነበር። የአውሮፕላንሽን ድምፅ ስሰማ ሶላት ላይ ነበርኩ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲሮጥ እሳቸው ደንግጠው ፈቱት። ነገ ለካፒቴኑ እናገራለሁ አሉ።

«ከሥራ ያባርሩዎታል» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ጥፋቱ ከአንቺ ላይ ይነሳ እንጂ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ጠላት ስፈልግ ኖሬ፣ ለካ ለእኔ ክብር የታጠበ ጨርቅ ነው። አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ኦቦ ቃሲም ተናገሩ። ካፒቴን ዳዊት ሁሉንም ጻፈ። ተገላገልኩ ስል ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ፣ ጨርቁን እሳቸው አሰሩት። ስንዴውንስ ማን አሰረው?»

የስንዴ ገበሬ ልጅ ነኝ! በሜዳው ዙሪያ ያለው ስንዴ ሁሉ በነፋሱ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ነበር። አስር ደቂቃ ቀድሜ ያመጣኝም ያው ነፋስ ነው። እኔ ከላይ ስዞር የማየው ሜዳው ዳር የቆመችውን የእናቴን ቢጫ ሻርፕ ነበር፤ እያየችኝ እንደሆነ ለማወቅ።

ይህንኑ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ለዚህ ማስታወሻ እንኳ አልነገርኩም ነበር።

«ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አይደለም፤ እንደዚያ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። ሲሄድ ግን የበረራ መዝገቤን መለሰልኝ። ስላልተባረርኩ ነው? ወይስ ለማስታወሻ እንዲሆነኝ? ይኸው ጥርጣሬው ደግሞ ጀመረኝ።

ማሩን ዛሬ ቀመስኩት። የተሰፋውን ከንፈሬን ያቃጥላል፤ ጥሩ ማር ነው።