የፍሪዚያው መሳቢያ

ውድ ወንድሜ ረምዚ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እንደ ሆዴ ብጽፍ ሌላ ነበር የምልህ። ስደውልልህ "በኋላ አቦ፣ በኋላ" እያልክ ትዘጋብኛለህ። ይኸው ጻፍኩልህ፤ ይሄን መዝጋት አትችልም።

ያንን የወረቀት ከረጢት ታስታውሳለህ? በመስከረም ከድሬዳዋ ጅቡቲ መጥተህ ካርቲየ 2 ሰፈር እኛ ጋ ስትሰነብት፣ ከፍሪጁ መሳቢያ አውጥተህ ፀሐይ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ የወረወርከውን? የእናታችን የፍሪዚያ አበባ ሥሮች ነበሩ። ሠላሳ ሁለት! "ለጫቴ ቦታ አጥቼ ነው፣ ሽንኩርት መሰለኝ" አልከኝ። ሽንኩርት! በአማርኛም በፈረንሳይኛም "አይነካ" ብዬ ጽፌበት ነበር። የትኛውን ነው ማንበብ ያቃተህ?

ፍሪዚያ ብርድ ይወዳል። በዚህ በጅቡቲ ሙቀት እንዲያብብልኝ ቅጠሉ ሲደርቅ ሥሩን ቆፍሬ አወጣለሁ፤ ከመትከሌ በፊት ፍሪጅ አሰነብተዋለሁ። የቧንቧው ውሃ ጨው ስለሆነ ከምንጠጣው ላይ እየቀነስኩ ነው የማጠጣው። ስድስት ዓመት ሙሉ! አንተ በአንድ ከሰዓት ጠበስክልኝ።

ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እናታችን ከግቢ ወጥታ አታውቅም። የካቲት ሲገባ ግን ወንበሯን አበቦቹ አጠገብ ታስወጣኛለች። ቁጭ ብላ እያሸተተች "ዛሬ ሁለት ፈንድቷል" ትለኛለች፤ ሳይ እውነቷን ነው።

ዘንድሮም ወንበሯን አስወጣችኝ። የተጠበሱትን እንደምንም በየጣሳው ተክያቸው ነበር፤ የበቀለችው አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም ቅጠል እንጂ አበባ የላትም። ምን ልበላት? ሦስት ቀን "ገና ነው" እያልኩ ዋሸኋት። በአራተኛው ቀን እጇን ዘርግታ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ቅጠሏ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ረምዚ ነው፣ አይደል?" አለችኝ።

እጇን ይዤ አፈሩን ጠረግኩላት።

"እንዳትነግሪው። ይከፋዋል።"

ኧረ በአላህ! እሷ ለአንተ መከፋት ትጨነቃለች! እኔ ግን ነገርኩህ። ይክፋህ። ወላሂ ይክፋህ!

ቅጠሏ ሰሞኑን መድረቅ ጀምራለች። ደርቃ ስትጨርስ ሥሯን አውጥቼ አስቀምጣለሁ። በመስከረም ስትመጣ ለጫትህ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ መሳቢያው ለእሷ ለአንዷ ተይዟል።

ገና ያልበረደላት እህትህ፣
ፋኢዛ