የመግቢያ ፈተናውና የአባባ ደግሰው ኪኒን

ሐምሌ 22

ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ታካሚ ጥቂት ነበር፤ የመርፌ ክፍሉን መደርደሪያ አጸዳሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ይሄይስ ማስታወቂያ ለጠፈ። ነርስ ሆኖ ጤና መኮንንነት ለመማር የሚያመለክት ሰው ዲፕሎማ፣ የሥራ ልምድና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያቀርባል። ይህ የነበረ ነው። አዲሱ የመጨረሻው መስመር ነው፤ ከዘንድሮ ጀምሮ አመልካቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል፤ ከመቁረጫ ነጥብ በታች ያመጣ አይገባም።

ደስ አለኝ። እስካሁን የሚሄደው ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ያገኘ ነበር። እኔ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ዘመድ የለኝም። ነርስ ሆኜ ሕመሙን አያለሁ፤ ከየት እንደመጣ የሚመረምረው ግን ሌላ ሰው ነው። ያንን ሰው መሆን እፈልጋለሁ።

የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን የምትከታተለው ሲስተር የትናየት ግን ተቆጣች።

«ይህን ሁሉ ዓመት በሽተኛ ሳይ ኖሬ፣ አሁን ወረቀት ይመዝነኝ?»

«ወረቀቱ ሁላችንንም እኩል ይመዝናል» አልኋት።

«አንቺማ ምን አለብሽ፣ መጽሐፍ ተንተርሰሽ የምትተኝ።»

ሐምሌ 29

ከሥራ በኋላ ከየትናየት ጋር ከመለማመጃ መጽሐፍ ማጥናት ጀመርን። ተቆጥታም ቢሆን ተመዝግባለች።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያወጡት እነማን ይሆኑ? ከአራቱ ምርጫ ሦስቱ ስሕተት ሆነው እውነት እንዲመስሉ መጻፍ… ይህ ራሱ ሙያ አይደለም? አንዱ ጥያቄ ላይ ቆሜ በውስጡ ያለችው ታካሚ የት አገር ሰው ልትሆን እንደምትችል ሳስብ የትናየት ሳቀች።

«ጥያቄውን ልታገቢው ነው እንዴ? መልሺና እለፊ።»

ነሐሴ 5

የትናየት ፈቃድ ስለወጣች የግፊት ክፍሉን እኔ ያዝሁ። ጠዋት አባባ ደግሰው መጡ። ግፊታቸው ካለፈው ወር ይልቅ ከፍ ብሏል።

«መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?»

«እንዴታ ልጄ፤ አንድም አልጣልሁ።»

በመለማመጃ መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ ባለፈው ሳምንት መልሼዋለሁ። ግፊቱ ካልወረደ መጠን ከመጨመር በፊት አወሳሰዱን ጠይቅ ይላል። እኔም ጠየቅሁ፣ እሳቸውም መለሱ። ስለዚህ መጠኑ እንዲጨመርላቸው መድኃኒት ወደሚያዘው ወደ ይሄይስ ልልካቸው ካርዱን አነሣሁ። ቀድሞ ግን የጠዋቱን እዚሁ ይዋጡት ብዬ ውሃ ቀዳሁላቸው። ኪኒኗን ተቀበሉና በኩታቸው ጫፍ ቋጠሯት።

«ምነው አባባ?»

«ኧረ አንች! ፍልሰታ አይደል? ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፌ ይዙር?»

«ታዲያ የጠዋቱን መቼ ነው የሚውጡት?»

«ከማታው ጋራ አብሬ ነዋ። አልጣልሁትም አልሁሽ።»

የቀኑን ሁሉ በአንድ ጉርሻ። ከዚያ ማታ ማታ ያዞራቸዋል፤ ቀን ደግሞ ግፊቱ ይወጣል። አልዋሹኝም። መልሱ ትክክል ነበር… ጥያቄዬ ነው ያልደረሰው። ይሄይስ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከምግብ በኋላ ማታ በሚዋጥ መድኃኒት ቀየረላቸው።

በወረቀት ላይ ያገኘሁትን ነጥብ በክፍሉ ውስጥ ልጥለው ምን ቀርቶኝ ነበር?

ነሐሴ 11

ለየትናየት ነገርኋት። «እኔ በጾም ከቅዳሴው ነው የምጀምር» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

መስከረም 9

ተፈተንን። አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ የልጆች። መካከል ላይ ያ ጥያቄ መጣ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ግፊቱ ያልወረደለት ሰው። ከምርጫዎቹ አንዱ «አወሳሰዱን መጠየቅ» ይላል። አጠቆርሁት። ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍሁም… እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? በየትኛው ወር? ሰውየው በምን ቋንቋ ይመልሳል? የእኛ አገር ታካሚ በአገውኛው በኽምጣንጋ ያሰበውን በአማርኛ ነው የሚነግረኝ፤ እኔም በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ሰው ይታየኝ ጀመር።

ፈታኙ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው ሲል ሙሉ ገጽ ይቀረኝ ነበር።

የትናየት ቀድማኝ ወጥታ በር ላይ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ጥቅምት 14

የትናየት አለፈች። እኔ ከመቁረጫው በታች ነኝ።

ጥቅምት 15

የትናየት ደስታዋን ከእኔ ትደብቃለች፤ ያም ይከብዳል። «ያ ወረቀትሽ እኔን ወደደ፣ ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ዘግይቼ።

ከሰዓት በኋላ ይሄይስ ቢሮው ጠራኝ።

«ኮሌጁ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ። ጥሩ ሠራተኛ መሆንሽን ልጻፍና በሥራሽ ይቀበሉሽ።»

«ከመቁረጫው በታች ለሆኑት ሁሉ ይጻፍላቸዋል?»

«ለሁሉማ እንዴት ተብሎ?»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

«ችኮ ነሽ» አለኝ፤ ግን በክፋት አልነበረም።

ከቢሮው ስወጣ አለቀስሁ። ይህንንም ልጻፈው። ከሐምሌ ጀምሮ ፈተናው ትክክል ነው ስል ነበር። ዛሬ ሐሳቤን ብለውጥ፣ የተለወጠው ፈተናው ሳይሆን ውጤቴ ነው። ፈተናው ስለ ታካሚ የማውቀውን ሁሉ አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ግን ጠይቆኛል፤ በተሰጠሽ ጊዜ ትጨርሻለሽ ወይ? አልጨረስሁም። ደም የሚፈስሰውም ሰው ቢሆን አስቤ እስክጨርስ አይቆየኝም… ይህን እንዴት ልካደው?

ጥቅምት 28

የትናየትን መናኸሪያ ሸኘናት። የግፊት ክፍሏን ለእኔ ሰጡኝ።

ኅዳር 17

የነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። አባባ ደግሰው መጥተው ነበር። ግፊታቸው ወርዷል። ኩታቸውን ፈትሼ ምንም ስላጣሁበት ሳቁብኝ።

ቀጥለው ከዝቋላ መንገድ እማማ ይታየሽ የሚባሉ አዲስ ታካሚ ገቡ። ግፊታቸው ከፍተኛ ነው። ካርዱን ወደ ጎን አደረግሁት።

«እማማ፣ በጾም እህል ውሃ የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?»

«አየ ልጄ፣ ይኼ ረጅም ነገር ነው።»

«ይንገሩኛ።»

ነገሩኝ። ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ዳገቱ፣ ጨው ስለሚወዱት ባላቸው… ኪኒኑን የት ላይ እንደሚዘሉት ያገኘሁት እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው።

የሚመጣው ዓመት ምዝገባ ሐምሌ ላይ ነው። ዛሬ ማታ መለማመጃ መጽሐፉን እንደ አዲስ ከፈትሁና የእጅ ሰዓቴን ፊት ለፊቴ አስቀመጥሁ። ቀን፣ እማማ ይታየሽ ሲያወሩ፣ ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።