ትከሻዬ ላይ የቀሩት ጣቶች

ሰኞ

ጠፋ። የሀብታሙ ፊት ጠፋ። በገዛ እጄ።

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ይላል፤ ከሁለት መቶ ኪሎባይት ያልበለጠ። ያለኝ ደህና ፎቶ ባለፈው ገና ከወንድሜ ከሀብታሙ ጋር ፎቶ ቤት የተነሳሁት ብቻ ነው። አራት ሜጋባይት። አዲስ እንዳልነሳ መብራት የለም፣ ፎቶ ቤቱ አይሠራም። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሀብታሙ ነው እንድሞላው የነገረኝ፤ በአቦቦ መንገድ ከሞተር ወድቆ ከመሞቱ በፊት።

ጉርድ ካሉ መጉረድ ነው፣ ሲጎረድም ያንሳል ብዬ እሱን ቆረጥኩት። «አስቀምጥ» የሚለውን ነካሁ። «ቅጂ አስቀምጥ» የሚለው ከሥሩ ነበር። አላየሁትም። ትከሻዬ ላይ አራት ጣቶቹ ብቻ ቀሩ።

ማመልከቻው ደግሞ አሁንም ትልቅ ነው ብሎ መለሰው።

ማክሰኞ

ስልኩ የሀብታሙ ነበር። እማዬ ሁልጊዜ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ያን ፎቶ ታያለች። ዛሬም እጇን ዘረጋች።

ባትሪው አልቋል አልኳት። ዋሸሁ።

«እሑድ አርባው ነው» አለች። «ያችን ፎቶ ትልቅ አድርገን እናሳጥባታለን።»

ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ሰውዬው በሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያራግባል። «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ብዙ ፎቶ ጠፍቶብኛል። መብራት ሲመጣ እንፈልጋለን። ቃል አልገባም።»

ቤት ስመለስ ጣቶቹንም ልቆርጥ ነበር፣ ይበልጥ እንዲያንስ። እጄ እምቢ አለ።

ረቡዕ

አብሮኝ ለሚቀመጠው ለኡጁሉ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«አንተ ደገኛ፣ ፎቶ እንደ ሥጋ ይቆረጣል?»

ፊቴን ሲያይ ተወው። «ስማ፣ ኪሎባይት ክብደት ነው እንጂ ስፋት አይደለም። ሰው ሳይጎድል ይቀንሳል።»

ስልኩን በፓወር ባንኩ ሞላልኝ። ጥራቱን ዝቅ አደረገው፤ መቶ ሰማንያ ሆነ። ፊቴ ትንሽ ደበዘዘ እንጂ እኔው ነኝ። አሁን ሀብታሙን ማን ይመልስልኝ?

ሐሙስ

ላክሁት። የሌላ ሰው ጣት አለበት ብለው እንዳይመልሱት ፈራሁ። ገጹ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል።»

ደስ አላለኝም።

እማዬ ማታ ስትገባ «ዛሬም ባትሪ የለውም?» አለችኝ። አየችኝ። አሁንም ዋሸሁ። ያወቀች ይመስለኛል።

ዓርብ

ጠዋት መብራት መጣ። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ «ተነስ፣ ፎቶ ቤት» አለች። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። እርምጃዋን ብቻ አፈጠነች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰውዬው በሀብታሙ ስም ፈለገ። የለም። በእኔ ስም ፈለገ። የለም። እማዬ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ቆይ» አለ። «ሰዎች ስም ሳይነግሩኝ ሲሄዱ እኔ ነኝ የምጽፍላቸው።» በፋይሎቹ ዝርዝር ወደ ታች ወረደ። አንዱ «ወንድማማቾች» ይላል።

ከፈተው። ሀብታሙ ሳቀብን።

እማዬ አለቀሰች። ከዚያ ሳታየኝ እጇን አንገቴ ላይ አደረገች።

«ጉርድ ላድርገው?» አለ ሰውዬው።

«ሙሉውን! ምንም እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት።

ማሽኑ ወረቀቱን መጎተት ጀመረ። መጀመሪያ ፀጉሩ ወጣ። ግንባሩ። አምፖሉ አንዴ ብልጭ ድርግም አለ። እማዬ አንገቴን ጨመቀችው።

ዓይኑ ጋ ደርሷል። መብራት፣ አደራህን።